ሳይቀረጽ አይበላም

በእኛ ሀገር ሥራ ማለት ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ነው። በመካከሉ ምን እንደተሠራ ብዙ አይመረመርም። ቢሮ ሻይ ሲጠጣና ስብሰባ ላይ ሲያንጎላጅ የዋለ ሰው ማታ ሲመለስ "ደክሞት ነው የመጣው፣ ቶሎ እራት አቅርቡለት" ይባላል። እራቱን ያቀረበችው ደግሞ "ቤት ነው የዋለችው" ትባላለች። ባለቤቴ ዩቲዩበር ናት፤ የምግብ ቻናል አላት። ቤት ነው የምትውለው። ስለዚህ በሰፈራችን ደንብ መሠረት ሥራ ፈት ናት።

ከእኛ በታች የሚኖሩት ጡረተኛ ጋሼ ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለመሆኑ ልጅቷ ሥራ አገኘች?" ይሉኛል።

"አላት እኮ ጋሼ፤ ዩቲዩብ ላይ ትሠራለች።"

"እሱማ ይሁን፣ መጫወትም ያስፈልጋል። ሥራውን ማለቴ ነው።"

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ያለ ደመወዝ ካሜራ ያዥ፣ መብራት አብሪ፣ በር ጠባቂና ዝም ባይ ሆኜ አገለግላለሁ። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ጋሼ ያልገባቸውን ሥራ ከውስጥ ሆኜ ስለማውቀው አንድ የሥራ ቀን ምን እንደሚመስል ልናገር።

ቀኑ የሚጀምረው ከአልጋ ሳይወረድ ነው። የባለቤቴ ዓይን ከመገለጡ በፊት እጇ ትራስ ሥር ገብቶ ስልኩን ያወጣል። ሌላው ሰው ሲነጋለት ያማትባል፤ እሷም ታማትባለች፤ ግን ስቱዲዮውን ከፍታ ቁጥሩን ካየች በኋላ ነው። ቁጥሩ ካነሰ ማማተቡ ይረዝማል። ስቱዲዮ የሚባለው የቻናሉ ባለቤት ብቻ የሚያየው መዝገብ ነው። ስንት ሰው እንዳየ፣ ከየት ሀገር እንዳየ፣ በስንተኛው ደቂቃ ሰልችቶት እንደወጣ ሁሉን ያሳያል። እኛ ተኝተን ሳለ ዋሽንግተን ያለው ሐበሻ ከሥራ ገብቶ እግሩን ሰቅሎ ያያል። ጂዳና ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ልጆች ደግሞ አሠሪዎቻቸው ከተኙ በኋላ ያያሉ።

በመዝገቡ ውስጥ ባለቤቴ የምትፈራው አንድ ግራፍ አለ። ከግራ ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየወረደ ይሄዳል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የወጣበት ቦታ ላይ ድንገት ዝቅ ይላል። "እዚህ ጋ ምን አድርጌያቸው ነው የሄዱት?" ብላ ባልታጠበ ፊቷ ትጠይቀኛለች። አብረን እናያለን። እዚያ ጋ ሽንኩርት እያበሰለች ነው።

ቀጥሎ ዕቅድ ይወጣል። የምግብ ቻናል ያላት ሴት ከካህናት ቀጥሎ ባሕረ ሐሳብ የምታውቅ ሰው ናት። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ዓመቱን ሙሉ። ጾም መሆኑን ሳያውቅ ክትፎ የለቀቀ ሰው ኮሜንት ውስጥ የሚደርስበትን የንስሐ አባት እንኳ አያዝም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ለሳምቡሳው ቪዲዮ ቋሚ ቀን አይቆረጥለትም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲጀምሩ ባለቤቴ አንዱን ምስር ለሁለት ሃይማኖት ሠራች፤ ግማሹ ወጥ ሆነ፣ ግማሹ ሳምቡሳ ውስጥ ገባ።

የምግቡ ዕውቀት የሚመጣው ከእናቷ ነው። እማማ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ካሜራ ፊት አይቀርቡም፤ ሙያቸውን ግን አይሠስቱም። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ተመልካች "በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?" ይላል፤ እማማ ደግሞ "ዓይንሽ ምን ሊሠራ ነው?" ይላሉ። ስለዚህ እማማ እፍኛቸውን ወደ ድስቱ ሲዘረጉ ባለቤቴ እጃቸውን መንገድ ላይ ይዛ በርበሬውን ሚዛን ላይ ታስፈስሳቸዋለች። እማማ በዚህ ይናደዳሉ። "በገዛ ቤቴ እንደ ነጋዴ ተመዘንኩ" ብለው ለጎረቤት ነግረዋል።

የዕቅዱ ሌላ ፈተና ቪዲዮው ከበዓሉ ቀድሞ መውጣት ያለበት መሆኑ ነው። ፋሲካ ዕለት የዶሮ ወጥ አሠራር የሚፈልግ የለም፤ ያን ጊዜ ሰው ወይ ሠርቷል ወይ ተጋብዟል። የሚፈለገው ከበዓሉ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት የፋሲካ ዶሮ የሚታረደው በሁዳዴ ነው።

በሁዳዴ የዶሮ ወጥ ሽታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚያደርገውን መገመት አያቅትም። ከአራተኛ ፎቅ ተነስቶ በደረጃው ይወርዳል፤ በየበሩ ሥር ይገባል። ጋሼ መጥተው በራችንን አንኳኩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘን እንጂ። "ልጄ፣ ምን አመመሽ?" አሏት። ሰው ካልታመመ በቀር በዚህ ወቅት ቅቤ የሚያስነካ ምክንያት አልታያቸውም። ደህና እንደሆነች፣ ወጡም ለመቅረጽ እንጂ ለመብላት እንዳልሆነ ስታስረዳቸው ይብሱን ተጨነቁ። ለማይበላ ወጥ ዶሮ የሚያርድ ጤነኛ በዕድሜያቸው አላጋጠማቸውም።

ወጡ ደግሞ የሚቀምሰው የለም። እኛ ጾመኞች ነን። ጎናችን ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በክርስቲያን የታረደ አይበሉም። የተገኘው መፍትሔ የሦስተኛ ፎቁ ልጅ ነው፤ ገና 5 ዓመቱ ስለሆነ ጾም አልደረሰበትም። ከእናቱ ተፈቅዶለት ይመጣል፣ ወንበር ላይ ይቆማል፣ ከጭልፋው ጫፍ ይቀምሳል፣ ከዚያ በጥሞና ያስባል።

"ጨው አነሰው?"

"እንቁላሉን ልቅመስ።"

"እንቁላሉ በኋላ። ጨዉስ?"

"እንቁላሉን ካልቀመስኩ አላውቅም።"

በየሀገሩ ያለ ሐበሻ ለፋሲካ ዶሮው የሚጨምረው የጨው ልክ የተወሰነው በዚህ ልጅ ነው።

ዋና ዋናው ቀረጻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የማድቤታችን መስኮት ደህና ብርሃን የሚያገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሪንግ ላይት አለን። ግን ሪንግ ላይትም የሚበራው መብራት ሲኖር ነው። ስልኩ ትራይፖድ ላይ ታስሮ በድስቱ አናት ይንጠለጠላል። እንፋሎቱ ሌንሱን ስለሚያደበዝዘው ባለቤቴ በአንድ እጇ ታማስላለች፣ በሌላው ትወለውላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊቷ ላይ የሚነበበው እርጋታ ነው፤ ቪዲዮው ላይ የሚቀረውም እርጋታው ብቻ። ጠረጴዛው ንጹሕ፣ ጨርቁ ነጭ፣ ቅመሙ በየጣባው ተሰልፎ። ከካሜራው ዓይን አንድ ክንድ ወጣ ብሎ የተከመረውን ዕቃ የማውቀው እኔ ነኝ። ማታ የማጥበውም እኔ ነኝ።

ብርሃን በመስኮት ይገባል፤ ጸጥታ ግን በምንም አይገባም። ባለቤቴ "ሰላም ሰላም የተወደዳችሁ ቤተሰቦቼ" ስትል ከታች "ቆራሌው!" ይላል። ቆራሌው ሲያልፍ ልዋጭ ይመጣል። ልዋጭ ሲርቅ ከላይ ቤት ሙቀጫ ይጀመራል። ቤተሰቦቼ የምትላቸው ተመልካቾቿን ነው፤ እኛ አብረናት የምንኖረው "እስቲ ዝም በሉ" ነው የምንባለው። ጩኸቱን መቋቋም ሲያቅት ንግግሩ ከቀረጻው ተለይቶ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲቀዳ ተወሰነ። የተሰቀለ ልብስ ድምፅ ስለሚውጥ ክፍሉ አያስተጋባም። ባለቤቴ በካፖርቶቼ መካከል ትቀመጥና ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ለስልኳ "አሁን ቅቤያችንን እንጨምራለን" ትለዋለች። ቆጣሪ ሊያነብ የገባ ሠራተኛ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ "እስቲ ቀምሰን እንየው" የሚል ድምፅ ሰምቶ ንባቡን ሳይጨርስ ወጥቷል። የዚያን ወር ሒሳብ የከፈልነው በግምት ነው።

ቤታችን ውስጥ ትኩስ ምግብ የሚቀርበው ለስልኩ ነው። እንጀራው ይዘረጋል፣ ወጡ ይወጣል፣ ከዚያ ሁላችንም እጃችንን ሰብስበን እንቆማለን። ከላይ ይቀረጻል፤ ከጎን ይቀረጻል፤ ጭሱ ሳይታይ ከቀረ እንደገና ይሞቃል። በመጨረሻ ባለቤቴ ወፍራም ጉርሻ ጠቅልላ "ይኸው ለእናንተ" እያለች ወደ ካሜራው ትዘረጋለች። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጉርሻው ከአፌ አንድ ስንዝር ላይ ይደርስና ይመለሳል። ባህላችን ፈረሰኛውን ለአባወራ ይሰጣል፤ እኔም ይሰጠኛል፤ ግን የሚደርሰኝ ከሁሉም አቅጣጫ ተቀርጾ ካለቀና ቅባቱ ከረጋ በኋላ ነው።

ማታ ኤዲቲንግ ነው። እዚህ ላይ 8 ደቂቃ የምትባል ቁጥር አለች። ዩቲዩብ ቪዲዮው መካከል ማስታወቂያ እንዲገባ የሚፈቅደው ርዝመቱ 8 ደቂቃ ሲሞላ ነው፤ እስከ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ድረስ 10 ደቂቃ ነበር። በዚህ ምክንያት በዩቲዩብ ላይ ከ8 ደቂቃ በታች የሚያልቅ ወጥ ብርቅ ነው። ሁለት ደቂቃ የሚበቃው ሰላጣ እንኳ ስለ ቲማቲሙ አስተዳደግ ተነግሮ 8 ይሞላል። ከሁሉም ሐቀኛው የእንቁላል ቅቅል ቪዲዮ ነው፤ እሱ በእውነትም 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የዶሮ ወጥ ግን ተቃራኒው ነው፤ ግማሽ ቀን የፈጀው ነገር ታጭዶ 8 ደቂቃ ውስጥ መግባት አለበት።

ጥሬ ቀረጻውን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብዬ ሳየው ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ዶሮዋ ስትገነጠል፣ በሎሚና በጨው በተደጋጋሚ ስትታጠብ፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ሲማሰል፣ በርበሬው ጠብ በሚል ውኃ ሲቁላላ፤ የዚህች ሀገር ወንድ በሙሉ ይህን ሰዓቱን በሰዓቱ ቢያይ "ወጡ ገና አልደረሰም?" የሚለው ጥያቄ ከቋንቋችን ይጠፋ ነበር። ግን አያየውም፤ ቪዲዮው ላይም የለም። የባለቤቴ የሌሊት ሥራ የቀኑን ሥራ እየቆረጡ ማውጣት ነው። ጥሩ ቪዲዮ የሚባለው ምንም ያልተለፋበት የሚመስለው ነው።

ወጡ ራሱ መጀመሪያ ይታያል፤ አሠራሩ ከኋላ ይመጣል። ተመልካች በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ካልተያዘ አይያዝም። ከዚያ ታምኔል የሚባለው የቪዲዮው ሽፋን ሥዕል ይሠራል። ባለቤቴ ዘመድ ፊት ጥርሷን ሸፍና የምትስቅ ሴት ናት። ታምኔሉ ላይ ግን አፏን በርግዳ፣ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ ድስቱን እያየች ትጮኻለች። ቀይ ቀስት ወደ ድስቱ ያመለክታል፤ ድስቱ የቱ እንደሆነ የሚጠፋው ሰው ያለ ይመስል። ርዕሱ "ይህን ሳያዩ ዶሮ እንዳይሠሩ!" ነው። ዩቲዩብ እስከ 3 ታምኔል አውጥቶ የትኛው ብዙ ሰው እንደሚስብ ማወዳደር ይፈቅዳል። አንዱን ሁልጊዜ አፏን ገጥማ ትነሳዋለች። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አሸንፎ አያውቅም።

ቪዲዮው የሚጫነው ሌሊት ነው፤ የሌሊት ጥቅል ይረክሳል። ከዚያ ኮሜንት ይጀምራል፤ እሱን ማንበብና መመለስም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። "እጅሽ ይባረክ" የሚሉ አሉ። "ጥፍርሽን ቁረጪ" የሚሉ አሉ። "እኛ አገር እንዲህ አይሠራም" የሚሉ አሉ፤ አገራቸው ከሰፈራችን ከጀሞ ማዶ ነው። አንዱ ደግሞ ቪዲዮውን እያቆመ ቆጥሮ "የዶሮ ብልት 12 ነው። እዚህ ያየሁት 11 ነው። አንዱ የት ሄደ?" ብሎ ጽፏል። የሦስተኛ ፎቁን ልጅ መጠየቅ ነው።

ከሳዑዲ የምትጽፍ አንዲት ልጅ ግን ሌላ ነገር አለች። "እባክሽ እህቴ፣ ሽንኩርቱ ሲበስል አታፍጥኚው። ማታ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ። ቤታችን ያለሁ ይመስለኛል።" ሽንኩርቱ ማለት ግራፉ ዝቅ የሚልበት ቦታ ነው። ሙያው የሚያዘው እዚያ ላይ መቁረጥ ነው፤ እኔም በሒሳብ ሠራተኛነቴ እንዲቆረጥ መክሬያለሁ። ባለቤቴ ኮሜንቱን ካነበበች ወዲህ ሽንኩርቱን ምንም ሳትናገርበት ረዘም አድርጋ ትተወዋለች። ግራፉ አሁንም እዚያ ጋ ይወድቃል። "የሚሄደው ይሂድ" ትላለች።

እንግዲህ ገንዘቡ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ማካፈል የሚጀምረው ቻናሉ 1000 ተከታይ ሲኖረውና በ12 ወር ውስጥ 4000 ሰዓት ሲታይ ነው። 1000ውን እማማ ናቸው የሞሉት ማለት ይቻላል፤ ከእድር እስከ ማኅበር "ይህቺን ነገር ንኩላት" እያሉ የሰው ስልክ ሲያስነኩ ከርመዋል። 4000 ሰዓት ግን በንክኪ አይሞላም። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው 500 የሥራ ቀን ማለት ነው። ያ ሲያልፍ ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶው የቻናሉ ነው፤ 100 ዶላር ሲሞላ በወሩ ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ይላካል። አሜሪካ ያለ አንድ ተመልካች ደግሞ እዚህ ካሉ ብዙ ተመልካቾች የበለጠ ያስገኛል፤ ማስታወቂያው እዚያ ውድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አድራሻ መረጋገጥ አለበት። ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ 6 አሃዝ ያለው የሚስጥር ቁጥር ከጉግል በፖስታ ቤት ይላካል። የእኛ አድራሻ "ጀሞ፣ ታክሲ ማዞሪያውን አልፈው፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ይደውሉ" ነው። ይህ ፖስታ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ደብዳቤው ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህቷ ሄደ፤ ሒሳቡም በእሷ በኩል ሆነ። በወረቀት ደረጃ የእኛ ዶሮ ወጥ የሜሪላንድ ነዋሪ ነው።

ዘመድ ይህን ሥራ ማክበር የጀመረው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ "ያቺ ልጅ አሁንም በስልክ ትጫወታለች?" ይሉ የነበሩት "ያቺ ልጅ በዶላር ነው አሉ የምትሠራው" ማለት ጀመሩ። የዘይቱና የሽንኩርቱ ዋጋም ተከትሎ እንደወጣ የማውቀው ደረሰኙን የምመዘግበው እኔ ነኝ።

ገንዘቡ በገባበት ማታ እማማ በምን ተሰልቶ እንደሚከፈል ጠየቁኝ። ከ4000 ሰዓቱ ጀመርኩላቸው።

"4000 ሰዓት ወጥ ለሠራ ሰው ነው?" አሉ።

እስቲ ብዬ አሰላሁላቸው። በቀን 3 ሰዓት ብቻ ምድጃ ሥር ቆመዋል ብንል 4000ው አራት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። እማማ የተዳሩት ገና በልጅነታቸው ነው፤ በዚህ ስሌት ለክፍያ ብቁ የሆኑት ባለቤቴ ሳትወለድ ነበር።

"እንግዲያው የእኔ ቀርቶብኛላ!"

"አይ እማማ፣ የሚቆጠረው የተሠራው ሰዓት አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ ያየው ሰዓት ነው።"

"ያልታየውስ?"

"ያልታየው አይቆጠርም።"

እማማ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ሳቁ።

"ይኼ ጉግል የምትሉት ሰውዬ" አሉ፣ "ሐበሻ ነው እንዴ?"